የገና መብራት በነሐሴ ጉም

ተረት ተረት ልል ነው። «የላም በረት» የሚል ይበል፤ ላም የሌለው ደግሞ «የጉም መብራት» ይበል። የማወራላችሁ ሰፈር ላም የለውም፣ ጉም ግን ሞልቶታል።

ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ጋሽ አበጋዝ ከሚስቱ ከየሻረግ ጋር ይኖር ነበር። የየሻረግ ዓይን ደክሟል። ሰው ስታይ ጥላ ነው፣ ቤት ስታይ ጥላ ነው፣ ደረጃውም ጥላ ነው። ታዲያ ባለፈው ገና ጋሽ አበጋዝ ያችን ብልጭ ድርግም የምትለውን የገና መብራት ገዝቶ በራፉ ላይ ሲሰቅል፣ የሻረግ ደጅ ወጥታ ቆመች። ከዚያ ጣቷን ቀስ አድርጋ ዘረጋች።

«ይኼ ይታየኛል» አለች። «ቀዩም፣ ቢጫውም፣ አረንጓዴውም። በውሃ ውስጥ እንዳለ አበባ።»

በቃ። ጥምቀት አለፈ፣ ሰው ሁሉ መብራቱን አወረደ፣ ጋሽ አበጋዝ አላወረደም። እንዲያውም ቀጠለበት፤ ከበራፉ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ መታጠፊያው ላይ እስካለው ግራር ድረስ ዘረጋው። ሁዳዴ ገባ፣ በራ። ፋሲካ ሆነ፣ በራ። ዒድ ሆነ፣ በራ። ሰኔ ዝናቡን ተሸክሞ መጣ፣ መብራቱ በዝናቡ ውስጥ እየታጠበ በራ። ሰፈሩ ሳቀ። ከሁሉ የባሰው ቁልፍ ሠሪው ሰይድ ነበር፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር፣ ጋሼ ዘንድሮ ገና ስንቴ ነው የሚውለው እያለ ይጠይቀዋል። ጋሽ አበጋዝም፣ አንተ ተኝተህ ነው እንጂ ያኛውም ገና አላለቀም ይለዋል።

ጨዋታ ይምሰል እንጂ ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ከግራሩ ትንሽ አለፍ ሲሉ ገደል አለ። የሻረግ መብራቱን አይታ ካልታጠፈች ወደዚያ ነው የምትሄደው። እንግዲህ ለምን ሄዶ እጇን ይዞ አያመጣትም የሚል አይጠፋም። አንዴ ሞክሮት ነበር። የሻረግ ጣቶቿን አንድ በአንድ አስለቅቃ እንዲህ አለችው፤ «እጄን ይዘህ የመራኸኝ ቀን፣ ከዚያ ወዲያ ከደጅ አልወጣም። እወቀው።» የሻረግ ያለችውን ታደርጋለች።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ። አንድ ቀን የሻረግ ጠዋት በፀሐዩ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጉሙ ግን ማንንም አልጠበቀም፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከጦሳ ተንሸራቶ ወረደና ሰፈሩን እንደ ነጠላ አለበሰው። ገና በቀን መሸ። ጋሽ አበጋዝ ወደ ግራሩ ቀና ቢል መብራቱ የለም።

ጉልበቱን እያሸ ሄደ። «መብራት ሆይ፣ ምነው ጠፋህ? እባክህ ብራልኝ፣ የሻረግ መምጣቷ ነው።»

መብራቱም እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ከላይ መለሰ። አልበራም አለ። ወፏ ገመዴን ስባ ጎጆዋ ላይ ሸምናዋለች፣ በራፉ ካለው ሶኬት ጋ አልደርስም፣ እሷ ትፍታኝና እበራለሁ አለ።

መብራቱ አልበራም አለ፤ የሻረግም ቅዳሴ ላይ ናት።

እውነትም ግራሩ ላይ አንዲት ቢጫ ወፍ ጎጆ ሠርታለች፤ ገመዱ እንደ ክር ገባ ወጣ ብሎ ተሸምኗል። ቢጎትተው ጎጆው ከነእንቁላሉ ይወርዳል። ቢቆርጠው መብራቱ ይሞታል። ስለዚህ ለመነ። ወፍ ሆይ፣ ገመዱን ፍቺልኝ አለ።

ወፏም አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። አልፈታም አለች። እኔስ ገመድ ወድጄ መሰለህ፣ ይቀዘቅዛል። ለኔ ጎጆ የሚሆነው ረጅሙ ቄጠማ ነው፤ እሱ ያለው ምንጩ ዳር ብቻ፤ ምንጩ ዳር ደግሞ ሙክቱ ተጋድሞበታል። ሙክቱ ቄጠማውን ይልቀቅና ገመዱን እፈታለሁ አለች።

ወፏ ገመዱን አልፈታም አለች፤ መብራቱ አልበራም አለ፤ ደወሉም ተደወለና የሻረግ በዳበሳ ጫማዋን እየፈለገች ነው።

ጋሽ አበጋዝ ምንጩ ዳር ወረደ። ሙክቱ ላቱን ዘርግቶ፣ ቄጠማው መሐል እንደ ሹም ተቀምጦ ያመነዥካል። ሙክት ሆይ፣ ቄጠማውን ልቀቅ አለው።

ሙክቱም ቀንዱን አሳየው። አልለቅም አለ። ከትናንት ጀምሮ አተላ አልቀመስኩም፣ ይህን ቄጠማ የምበላው ጣፍጦኝ አይደለም፣ በንዴት ነው። አንጓች አተላዬን ትስጠኝና ቄጠማውን እለቃለሁ አለ።

ሙክቱ ቄጠማውን አልለቅም አለ፤ ወፏ ገመዱን አልፈታም አለች፤ መብራቱ አልበራም አለ፤ የሻረግም ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወጥታለች።

አንጓች ጠላ ጠማቂ ናት፣ ሙክቱም የሷ ነው። ጋሽ አበጋዝ ሲደርስ እጇን አገጯ ላይ ጭና ጓዳዋ በር ፊት ተቀምጣለች። አንጓች፣ በሞቴ፣ ለሙክትሽ አተላ ስጪው አለ።

«ምኑን ልስጠው፣ ጋሽ አበጋዝ?» አለች። «ጋኑ ውስጥ፣ አተላው ውስጥ፣ እኔ ውጭ።» ትናንት ቁልፉ ጓጉንቸሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። ጓጉንቸሩን ጠይቀው፣ እኔ ለምኜው ለምኜው ምላሴ ደርቋል፤ እሱ ይከፈት እንጂ አተላውን በባልዲ ነው የምሰጠው አለች።

አንጓች አተላ አልሰጥም አለች፤ ሙክቱ ቄጠማውን አልለቅም አለ፤ ወፏ ገመዱን አልፈታም አለች፤ መብራቱ አልበራም አለ። ወደ ላይ ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ውሻ ሁለቴ ጮኸ፤ ሁለቴ የሚጮኸው ለየሻረግ ነው።

ደግነቱ የሻረግ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ሰላምታም አታልፍም፤ ያገኘችውን ሁሉ እስከ ዶሮው ድረስ ትጠይቃለች። ጋሽ አበጋዝ ዛሬ ብዙ ሰው ያጋጥማት ብሎ ተሳለ። ወደ ጓጉንቸሩም ጎንበስ አለ። ጓጉንቸር ሆይ፣ ተከፈት አለው።

ጓጉንቸሩም በዝገት ድምፅ አጉረመረመ። አልከፈትም አለ። ግማሽ ቁልፍ ሆዴ ውስጥ ይዤ እንዴት ልከፈት? ሰይድ ያውቀኛል፣ እጁ ለስላሳ ነው። ዛሬ በጠዋት እመጣለሁ ብሎ ቀረ። ሰይድ ይንካኝና እከፈታለሁ አለ።

ጓጉንቸሩ አልከፈትም አለ፤ አንጓች አተላ አልሰጥም አለች፤ ሙክቱ ቄጠማውን አልለቅም አለ፤ ወፏ ገመዱን አልፈታም አለች፤ መብራቱ አልበራም አለ፤ የሻረግም ወፍጮ ቤቱን አልፋ ቁልቁለቱን ጀምራለች።

የሰይድ ቤት ወደ ግራሩ ከሚያሻግረው ድልድይ በታች፣ ከአንጓች አጥር ማዶ ነው። ጋሽ አበጋዝ ጉሙን በእጁ እየገፋ ሄደ፤ ጉሙ ያልፋል፣ መልሶ ይገጥማል። ሰይድ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጧል፣ ቁርጭምጭሚቱን በሻሽ ጠምጥሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ አበጋዝን አይቶ አልሳቀም።

ጋሽ አበጋዝ ሁሉንም ነገረው፤ ጓጉንቸሩን፣ አንጓችን፣ ሙክቱን፣ ወፏን፣ መብራቱን። ተነስ፣ ጓጉንቸሩን ንካልኝ አለው።

ሰይድ መሬት መሬቱን አየ። «ጋሼ፣ ዛሬ ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ መብራትህ የለም። ቦይ ውስጥ ገባሁ።»

«አንተ በመብራቴ የምትስቀው አይደለህ?»

«እስቃለሁ» አለ ሰይድ። «እየሳቅኩ ነው በሱ ብርሃን ቤቴ የምገባው። ወላሂ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። አሁን በዚህ እግር፣ በዚህ ጉም፣ መብራቱ ካልበራ ከደፌ አልነሳም።»

ሰይድ ያለ መብራት አልነሳም አለ፤ ጓጉንቸሩ ያለ ሰይድ አልከፈትም አለ፤ አንጓች አተላ አልሰጥም አለች፤ ሙክቱ ቄጠማውን አልለቅም አለ፤ ወፏ ገመዱን አልፈታም አለች፤ መብራቱ አልበራም አለ፤ መብራቱ ካልበራ ደግሞ ሰይድ አልነሳም አለ።

እዚህ ላይ ተረቱ ራሱ ግራ ገባው። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዞሮ ዞሮ እዚያው። ሁሉም ሌላው ይቅደም ብሎ ቆሟል። ጉሙም ቆሟል። በዚያ ጸጥታ መሐል የድልድዩ ሳንቃ ሲጢጥ አለ፤ አንድ እርምጃ፣ ዱላ፣ አንድ እርምጃ። የሻረግ ድልድዩ ላይ ናት።

ጋሽ አበጋዝ ጮኾ ሊጠራት አፉን ከፈተ። ዘጋው። ቢጠራት ትድናለች፤ ግን በድምፅ መመራትም ለሷ እጅ ከመያዝ አይለይም፣ ነገ ከቤት አትወጣም። ከነገ ወዲያም አትወጣም። ያች ዶሮውን ሳይቀር ስለ ጤናው የምትጠይቅ ሴት ግድግዳ ስታዳብስ ታየችው።

ከዚያ እጁን ለሰይድ ዘረጋ።

«ተነስ። መብራቱ እስኪበራ እኔ እበራልሃለሁ» አለው። «ያን ገመድ የሰቀልኩ ሰሞን፣ እሷ ምን እንደሚገጥማት ላውቅ ብዬ ዓይኔን በነጠላ አስሬ ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ድንጋዩን ሁሉ በእግሬ አውቀዋለሁ። የሻረግ የማትሰጠኝን እጅ አንተ ስጠኝ።»

ሰይድ ትንሽ አመነታ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ እጁን ተይዞ አያውቅም። ኋላ ግን ሰጠው። ጋሽ አበጋዝ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉሙን ከማየት አለማየት ይሻላል። እዚህ ጋ ከፍ በል፣ እዚህ ጋ ውሃ አለ፣ ወደኔ ጠጋ እያለ ወሰደው። አንዱ በጉልበቱ ያነክሳል፣ አንዱ በቁርጭምጭሚቱ፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ደህና ሰው ወጣቸው።

እንግዲህ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ነገሩ ወደ ኋላ ተፈታ።

ሰይድ ጓጉንቸሩን ነካ፤ ጓጉንቸሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ፤ አንጓች አተላውን በባልዲ ይዛ ሮጠች፤ ሙክቱ ሽታው ገና ሲደርሰው ቄጠማውን ለቀቀ፤ ወፏ ቄጠማውን በአፏ እየቀነጠበች ገመዱን ዘለላ በዘለላ ፈታች። አንዲት ቀይ አምፖል ብቻ፣ ለእንቁላሎቼ ትሙቅልኝ ብላ ጎጆዋ ውስጥ አስቀረች። ሌላው ገመድ ጉሙን እየሰነጠቀ ወረደ። ጋሽ አበጋዝ አተላ በተረጨበት እጁ ያዘው፣ እጁን በጋቢው ጠራረገ፣ በራፉ ድረስ ስቦ ሶኬቱ ላይ ሰካው።

መብራቱም በራ።

ቢጫው በጉሙ ውስጥ አበበ፣ አረንጓዴው አበበ፣ ሰማያዊው አበበ፤ ከግራሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በራፉ። ጉሙ ራሱ ቀለም ጠጥቶ ቆመ። በየደጁ የነበረ ሰው ቀና አለ፤ ሰይድም ቀና አለ።

የሻረግ ከግራሩ ሁለት እርምጃ አልፋ ቆማ ነበር። ዱላዋን እንደተመረኮዘች፣ ፊቷ ወደ ገደሉ። ብርሃኑ ጎኗን ሲነካት ዞረች፣ ቀስ ብላ ተመለሰች፣ በመብራቱ ሥር በመብራቱ ሥር እየመጣች በራፉ ላይ ደረሰች። ጋሽ አበጋዝ ከቤት እንዳልወጣ ሰው በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ትንፋሹ ግን አልተቀመጠም።

«ቀዩ አንድ ጎደለ» አለች።

«አልጎደለም። ወፏ ቤት ገብቷል።»

ቀና ብላ ወደ ግራሩ አየች። ጎጆው ከውስጥ ቀልቶ እንደ ትንሽ ልብ በራ፣ ጠፋ፣ በራ። የሻረግ ፈገግ አለች። ከዚያ አጠገቡ መጥታ አሸተተችው። አተላ አተላ ትሸታለህ አለችው። እሱም እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ።

«እዚያ ቆሜ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «መብራቱን ሳጣው ቆምኩ። ገደሉን አልፈራሁም፤ ገደሉን አውቀዋለሁ። የፈራሁት አንተን ነው። መጥቶ እጄን ይይዘኛል ብዬ።»

«አልመጣሁም።»

«አልመጣህም» አለች። እጇን ዘረጋችለት። «ጉልበትህን አሞሃል። ና፣ እጅህን አምጣ፣ ዛሬ እኔ ልምራህ።»

ይዛው ገባች። ሰይድም ከአጥሩ ማዶ፣ ጋሼ፣ ይህን መብራት እስከ መጪው ገና እንዳታወርደው ብሎ ተጣራ። ሰፈሩ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ግን የድሮው ሳቅ አይደለም።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ አጠፋሁት፤ መብራቱን ግን ማንም አላጠፋውም።