ገበያው የሰማው ስልክ

አንድ አዋጅ ነጋሪ ነበር፤ ስሙ ደምለው ይባላል። የሚኖረው በአንዲት ትንሽ አገር፣ በንጉሡ ከተማ ነው። ያኔ ጋዜጣ የለ፣ ሬዲዮ የለ፤ ሰዉ የሚያውቀው ደምለው የነገረውን ብቻ ነበር። ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆሞ ነጋሪቱን እየጎሰመ «ስማ፣ ስማ፣ ስማ!» ሲል፣ ጨው የምትሰፍረዋ እጇን ትገታለች፤ በዋጋ የሚነታረኩት ዝም ይላሉ፤ የተሸከመም ሸክሙን ያወርዳል። አዋጁ አልቆ ሰው ሲበተን «እውነት ይሆን?» የሚል አልነበረም። አያ ደምለው ካሉ፣ አሉ ነው። ደግ ዘመን ነበር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ የንጉሡ ሚኒስትር ደምለውን አስጠርቶ አዲስ አዋጅ ሰጠው። በሆራው በሽታ ስለገባ ማንም ከብቱን እንዳያጠጣ የሚል ነው። ሆራው ጨው ጨው የሚል፣ የአገሩ ከብት ሁሉ የሚወደው ምንጭ ነበር። ደምለው አምኖ አወጀ። ሕዝቡም ከብቱን እየነዳ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ ከሌላ ሆራ አጠጥቶ ተመለሰ። የደምለው ጎረቤት ወይዘሮ አሰገደች ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ያለቻትም አንዲት እርጉዝ ላም ናት። ላሚቱ መንገዱን አልቻለችም፤ ዳገቱ ላይ ወድቃ ቀረች። አሰገደች ግን አላጉረመረመችም። «አያ ደምለው ባይነግሩን የሁላችንም ያልቅ ነበር፤ ተመስገን» ነው ያለችው።

በከተማው የነበረው ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ገበያው ዳር ባለው በሚኒስትሩ ቢሮ። ሰው ስልክን ገና አልለመደውም ነበርና ሩቅ አገር ሲደውል ካልጮኸ የሚደርስለት አይመስለውም። ሚኒስትሩም እንደዚያው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎረቤት አገር ንጉሥ መልእክተኛ ጋር በስልክ ሲነጋገር፣ መስኮቱ እንደተከፈተ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ጮኸ፦

«ሆራውን ለእናንተ ከብት ለቀንላችኋል! … ኧረ የምን በሽታ! ሕዝቡን ለማራቅ ያልነው ነው! … አዎ፣ አዎ፣ አምነዋል!»

ገበያው ጸጥ አለ። አንድ በርበሬ ነጋዴ ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ «ጌታዬ፣ ስልኩን ቢተዉትም እዚያ ድረስ ይሰማል!» አለ። የሳቀ ግን ጥቂት ነው። ሽንኩርት ሲመርጥ የነበረው ደምለው የያዘውን መልሶ አስቀመጠ።

ወዲያው ተጠራ።

«ነጋሪትህን ያዝ» አለው ሚኒስትሩ። «የተሰማው የእኔ ድምፅ አይደለም። የስልክ ሽቦ ነፋስ ሲመታው እንደ ሰው ያወራል በላቸው።»

«ጌታዬ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ።»

«እንግዲያው አንተም አልሰማህም።»

«ሽቦው እንደ ጌታዬ ሲያስልም ሰምቻለሁ።»

«ደምለው! እንጀራህ ከዚህ ቤት ነው። ልጆችህን አስብ።»

ደምለው ልጆቹን አሰበ። ወጥቶም ነጋሪቱን ጎሰመ። ሰው እንደ ልማዱ ቆመ።

«ስማ፣ ስማ፣ ስማ! ዛሬ ጠዋት ከሚኒስትሩ ቢሮ ማንም ምንም አልሰማም! የጮኸው ሽቦ ነው!»

ወይዘሮ አሰገደች ከሰው መሀል ወጣች። «አያ ደምለው፣ ስሙ ብለው ጠርተው አልሰማችሁም ይሉናል? ላሜንስ የገደላት ሽቦ ነው?»

ደምለው የሚኒስትሩን ቁጣ ይችለው ነበር፤ የእሷን ዓይን ግን አልቻለም።

«እህቴ፣ ያን ጊዜ ሳላውቅ ዋሸሁሽ፤ አሁን ግን እያወቅሁ ነው። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ። የጮኸው ሚኒስትሩ ነው። በሽታም የለም» አለና መምቻውን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ሕዝቡ ከብቱን ነድቶ ወደ ሆራው ተመለሰ፤ ያን ሁሉ ሰው ማን ይከለክላል? ደምለው ከሥራው ተባረረ፤ በእሱም ቦታ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ የሆነ ሌላ ሰው ተሾመ። ነጋሪቱ ግን ሲጎሰም የሚቆም ጠፋ። ጨው ሻጯ ትሰፍራለች፤ ገዢው ይከራከራል። ቆይቶ ንጉሡ ግብር ቀነስኩ ብሎ ቢያስነግር እንኳ «ደግሞ ምን ሊወስዱ ነው?» ተባለ። ደምለው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጦ የነጋሪቱንና የገበያውን ጫጫታ አንድ ላይ ሲሰማ አለቀሰ። ያለቀሰው ለሹመቱ አልነበረም፤ ድሮ አንድ ቃል ሲነገር አገር በሙሉ ጸጥ ይል የነበረበት ዘመን ናፍቆት ነው።

ሰው ነንና እንሳሳታለን፤ ገዢም ሰው ነው። «አዎ፣ ብያለሁ፤ አጥፍቻለሁ» ቢል ሕዝቡ ተቆጥቶ፣ ተቆጥቶ ይተወው ነበር። በገዛ ጆሮው የሰማውን አልሰማህም ሲሉት ግን፣ ከዚያ በኋላ እውነቱንም ቢነግሩት አይሰማም። አንዴ የሄደ እምነት በአዋጅ አይመለስም።

ይህን የምንለው ለነገሥታቱ ብቻ አይደለም። እኛስ በየቤታችን፣ ልጆቻችን በጆሯቸው የሰሙትን «አልሰማችሁም» ያልናቸው ስንት ጊዜ ነው? ነገ ስንጠራቸው ቆመው እንዲሰሙን እንፈልግ የለም?