«እንዴት ነው የምታጠቢያት?»

አንዲት እናት ነበረች። ልጇን ስታጠባ ማንም አይቷት አያውቅም። እንግዳ ሲገባ ነጠላዋን በሕፃኗ ላይ ጣል ታደርግና ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ጎረቤቶቿም «ጎበዝ ናት፣ ከዓይን ትጠብቃታለች» ይሉ ነበር።

እናቶች፣ እውነት ከዓይን ነበር የምትጠብቃት? አልነበረም።

የሕፃኗ ላንቃ ስትፈጠር ሳይገጥም ቀርቷል። ከንፈሯ ደህና ነው፣ መልኳም ያምራል። ወተቱ ግን በአፏ ገብቶ በአፍንጫዋ ይወጣል። ጡት መሳብ አትችልም። ስለዚህ እናቷ ጡቷን በሲኒ እያለበች፣ ሕፃኗን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ በትንሽ ማንኪያ ጠብ ታደርግላታለች። ጠብታ፣ ከዚያ ትንፋሿን ማዳመጥ። ደግሞ ጠብታ፣ ደግሞ ማዳመጥ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ክብደቷ ሲጨምር በቀዶ ሕክምና ይገጠማል። እስከዚያ ግን አጋድመሽ እንዳትመግቢያት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል» ብላታለች።

«እስከዚያ» የሚለው ቃል ለእናት ስንት ዓመት እንደሚሆን ታውቃላችሁ?

ከነርሷና ከባሏ ሌላ ነገሩን የሚያውቁት አማቷ እማማ ድንቄ ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም ያዩ ዕለት የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ነፍሰ ጡር ሳለሽ በማን ስቀሽ ነው?»

በማንም አልሳቀችም። ግን ከዚያ ወዲህ ወተቱ በአፍንጫ በወጣ ቁጥር፣ በማን ስቄ ይሆን እያለች ታሰላስላለች።

የሕፃኗ የሰማንያ ቀን ክርስትና ደረሰ። እማማ ድንቄ አስቀድመው አስጠነቀቋት።

«ዘርትሁን፣ እዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ። ኋላ ልጅቷን የሚያገባት ታጣለች።»

«ቁርባኑስ እማማ? ትን ቢላትስ?»

«የጌታ ደም ትን ይላል? አንቺ ደግሞ! እምነት የለሽም እንዴ?»

ዘርትሁን ሕፃኗን አቅፋ ተነሣች።

ሕፃኗ ተጠመቀች። ቅዳሴው ደርሶ የመቁረቢያው ሰዓት ሆነ። የክርስትና እናቷ፣ ጎረቤታቸው እትዬ ፀዳለ፣ ምንም የምታውቀው የለም። እንደ ልማዱ ሕፃኗን በክንዷ አጋድማ ወደ ካህኑ ቀረበች። ሕፃኗ ሳትመገብ ስለቆየች አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። ካህኑ የቁርባኑን ማንኪያ፣ ዕርፈ መስቀሉን ዘረጉ።

«አባ፣ ይቆዩ!»

በቅዳሴ መካከል! እማማ ድንቄ ከኋላ ነጠላዋን ጎተቷት። «ዝም በይ!»

ዝም አላለችም። «ላንቃዋ ክፍት ነው አባ። ተጋድማ ከዋጠች ትን ይላታል።»

ሁሉም ዞሮ አያት። ካህኑ እጃቸውን መለሱ። ዘርትሁን፣ አሁን ይገሥጹኛል ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እርሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዴት ነው የምታጠቢያት ልጄ?» አሏት።

«ቀጥ አድርጌ… በጠብታ… ከዚያ እጠብቃለሁ።»

«እንግዲያው አንቺ ያዢያት። መጠንቀቅ አለማመን አይደለም።»

ሕፃን ይዛ የምታቀርበው የክርስትና እናት ናት። እትዬ ፀዳለ ግን ሳታቅማማ አቀበለቻት። ዘርትሁን ልጇን ቀጥ አድርጋ ያዘች። አንዲት ጠብታ። ጠበቁ። ካህኑ ጠበቁ፣ ሰዉም ጠበቀ። ሕፃኗ ዋጠች። አፍንጫዋ ደረቅ ነበር።

እኔ ብሆን እዚያው ቆሜ፣ ልጄን በልቤ ቀብሬ ተዝካሯንም አውጥቼ ነበር! እርሷም ፈርታለች። ፈርታ ግን ተናገረች። ጀግና ማለት የማይፈራ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ እትዬ ፀዳለ ያዘቻት። «አንቺ! እኛ ደግሞ ያንን ጡትሽን ሌባ የሚሰርቅብሽ ይመስል ስትሸፍኚው ከዓይን ነው ስንል ነበር! በይ ማንኪያውን አሳዪኝ። ዛሬ እኔ እመግባታለሁ፣ አንቺ ጋደም በይ።»

ዘርትሁን ያለቀሰችው ይኼኔ ነው። ከወለደች ጀምሮ «ጋደም በይ» ያላት ሰው አልነበረም። ቤት ሲደርሱ እማማ ድንቄ ማንኪያውን በእትዬ ፀዳለ እጅ አዩት። ከዚያ፣ «እኔስ? እኔ አያቷ አይደለሁም?» አሉና ሕፃኗን ለመመገብ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

እናቶች ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ሰማችሁ። «በማን ስቀሽ ነው?» የሚለው እናትን ወደ ግድግዳ ያዞራል። «እንዴት ነው የምታጠቢያት?» የሚለው ደግሞ ሸክሟን ለሁለት፣ ለሦስት ያካፍላል። ሁለቱንም የጠየቁት እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ልብ በሉ።

በየመንደራችን ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች እናት አለች። ጎበዝ ናት እያልን አልፈናታል፤ ጎበዝም ናት። ድካሟን ግን ማን ጠየቃት? ነገ በሯን ስታንኳኩ የትኛውን ጥያቄ ይዛችሁ ትገባላችሁ? ጠይቃችሁ ስትነግራችሁስ፣ እንደ እማማ ድንቄ ለማገዝ እጃችሁን ትታጠባላችሁ?