ካርቶኑ ዱባይ የቀረ ካርድ

በአንድ ወቅት፣ ያውም መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ወቅት፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትርሲት የምትባል ሴት ነበረች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ብቻዋን የስምንት ደቂቃ አኒሜሽን ሠርታለች። የቀራት የመጨረሻው ትዕይንት ነው፤ እሱን ደግሞ ምስል የሚያወጣው አሮጌው ግራፊክስ ካርዷ አልችልም አለ። ፊልሙን የምታስገባበት ውድድር በሩን የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ከዱባይ የመጣላትን አዲስ ካርድ ገጥማ የስክሪኑን ገመድ ሰካችበት። የማሽኑ ማራገቢያ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር።

ነቀለች፤ ገጠመች። ጥቁር።

ካርዱን አውጥታ የስክሪኑን ገመድ የማሽኑ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካች። በራ! ማሽኑ አልሞተም። ካርዱን መልሳ ከተተች። ጥቁር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ፣ እጇ በካርዱ ጠርዝ ተጫጭሮ፣ ማልቀስ እንኳ አቅቷት ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቧል።

«ይህን ስክሪን ያበራልኝ ሰው» አለች፣ «ስሙ ከስሜ ጎን ይጻፋል። በማርያም!»

ቀላል ቃል አይደለም። የውድድሩ ቅጽ ከፊልሙ ባለቤት ሌላ አንድ ስም ይጠይቃል፣ አንድ ብቻ። ፊልሙ ከተመረጠ ያ ሰው አብሯት ናይሮቢ ይሄዳል።

ምንተስኖት፣ የአክስቷ ልጅ፣ ካርዱን ከዱባይ ያመጣው ነጋዴ ነው። ለካርዱ ቦታ ብሎ የራሱን ሸቀጥ ግማሹን ትቷል። ቀረጥ እንዳይጠየቅ ካርቶኑን ጥሎ በካናቴራ ጠቅልሎት ነው የገባው። አሁን ካርዱን አገላብጦ አየ፤ ጎኑ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ትርሲቴ፣ አትግደይኝ። ካርቶኑ ውስጥ አጭር ገመድ ነበረች። ኃይል የምትሰጠው እሷ ሳትሆን አትቀርም።»

«ጣልካት?»

«ከነካርቶኑ።»

ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

ገለታ የፊት ለፊት ጎረቤት፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪ ነው። በእሱ ኮምፒውተር ኃይል ማከፋፈያ ሳጥን ላይ ያቺ ገመድ አብራ ተሠርታለች። ኮምፒውተሩ ግን ለመመረቂያ ጽሑፉ፣ ፈረቃውን በባትሪ እያለፈ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያሰላ ነበር፤ ሊጨርስ አንድ ቀን ቀርቶታል፣ ከጠፋ ግን ከዜሮ ይጀምራል። ሰኞ ያቀርባል። ሄደ፣ አጠፋው። ማከፋፈያውን ነቅሎ ታቅፎት መጣ።

«ሦስቱ ቀንስ?» አለችው።

«ተይኝ፣ እንዳላስብ።»

ገጠሙት። አበሩት። ጥቁር።

ያኔ ትርሲት ጮኸች፤ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ጮኸች። ጣሪያ ላይ ዲሽ ሲያስተካክሉ የነበሩት የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ወርቅነህ ጩኸቱን ሰምተው ወረዱ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ጎንበስ ብለው የማሽኑን ጀርባ አዩ።

«ምስል ሲጠፋ እኔ መጀመሪያ የማየው የገመዱን ጫፍ ነው። እንግዳው ዕቃ የቱ ነው፣ ልጄ?»

«ታችኛው።»

«ታዲያ እንግዳው ታች ቤት ገብቶ፣ አንቺ ላይ ቤት ታንኳኪያለሽ?»

ገመዱን ከማዘርቦርዱ ነቅለው ካርዱ ላይ ሰኩት።

በራ።

ማሽኑ የመጨረሻውን ትዕይንት ሠርቶ ለማውጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። መብራቱ አልሄደም። ፊልሙ ውድድሩ ድረ ገጽ ላይ ተጫነ። ለአሥራ አንድ አራት ደቂቃ ሲቀረው ቅጹ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ቀረ፤ ሳይሞላ አልላክም ይላል። ሦስቱ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ጥፋቴን ባልናገር ኖሮ እስካሁን ስትነቅይ ስትሰኪ ነበርሽ» አለ ምንተስኖት።

«ታዲያ ካርቶኑን የጣሉት የኔ አያት ናቸዋ!» አለ ገለታ። «ሰኞ ምን ይዤ እንደምቆም ጠይቁኝ እስቲ።»

ጋሽ ወርቅነህ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «እኔ እንኳ ናይሮቢ ምን ልሠራ? ግን ልጅቷ ‹ያበራልኝ› ነው ያለችው። ማን አበራው?»

ትርሲት የአንዱን ስም ጀመረች፤ አጠፋችው። የሌላውን ጀመረች። ሁለት ደቂቃ ቀራት።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ግን ፈጠን በሉ፦ ከትርሲት ጎን መጻፍ የሚገባው የማን ስም ነው?