ጨፍኑ፣ ያየው ይታወራል

ጠጋ በሉ። አጭር ናት።

ድሮ ነው። እባብ እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ ስሙን የነገረኝ ሰው በሌለ አንድ ቆላ አገር፣ ጎንጤ የሚባል ሰው ነበረ። ማረስ አይወድም። መብላት ግን ይወዳል።

ጎንጤ አንድ እባብ ነበረው። ያረጀ እባብ ነው፤ ጥርሱ አልቋል። በሰፊው እጅጌው ውስጥ ይዞት ከመንደር መንደር ይዞራል። ደህና ቤት ሲያገኝ በጓሮ በኩል ጎንበስ ይልና እጅጌውን ይዘረጋል።

«ግባ፣ ታይ፣ ስጠራህ ና።»

እባቡ ይገባል። ጎንጤ በፊት በኩል ዞሮ ይመጣል።

«እናንት ቤቶች! እባብ እባብ ይሸተኛል!»

የቤቱ ሰው ዘወር ሲል ጭራ ያያል። ከዚያማ ምኑ ይወራል! አንዱ መደብ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ከበሩ ጋር ይላተማል።

«ዝም በሉ! እኔ አዋቂ ነኝ። ይሄ ክፉ ዘር ነው። ጨፍኑ! ያየው ይታወራል!»

ሁሉም ይጨፍናል። ጎንጤ ቀስ ብሎ ያፏጫል። እባቡ ተመልሶ እጅጌው ውስጥ ይገባል።

«ግለጡ። አባረርኩላችሁ።»

ካንዱ ቤት ፍየል ነዳ። ካንዱ ቤት ማር ተሸከመ። ሙሽራ ካለችበት ቤት ደግሞ የሠርጉን ሙክት ወሰደ። ሰዉ ግን እጅ ይነሳዋል።

እባቡ አንድ ቀን፣ «ጌታዬ፣ ደከመኝ። ሲጮሁ እኮ እኔም እደነግጣለሁ» አለው።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለና እጅጌውን ጠቀለለበት።

በዚያው አገር ዳር ላይ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ያረጁ። ባልየው ገላዬ ይባላል፣ ሚስትየዋ ያልጋነሽ። የያልጋነሽ ዓይኗ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ ገላዬ ያየውን ሁሉ ይነግራታል። ጠዋት ተነስቶ በሩን ይከፍታል።

«ዛሬ ምን አለ?» ትለዋለች።

«ደመና አለ። የጎረቤት ዶሮ ጎመናችንን እየበላች ነው።»

«አላባረርካትም?»

«መጀመሪያ ላንቺ ልንገርሽ ብዬ።»

እንዲህ ነበሩ። ሀብታቸው አንዲት ላም ናት፣ ሻሾ የምትባል። ወተቷን ባንድ ዋንጫ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። ያቺ ዋንጫ ቁርሳቸውም እራታቸውም ናት።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ጎንጤ ሻሾን አያት። ምራቁን ዋጠ። በጓሮ በኩል ጎንበስ አለ።

«ግባ፣ ታይ፣ ስጠራህ ና።»

ዞሮ መጣ።

«እናንት ቤቶች! እባብ እባብ ይሸተኛል!»

ገላዬ ዘወር ቢል፣ እውነትም ከጎታው ሥር ጭራ ወጥቷል። ከዘራውን አነሳ።

«ምን አለ?» አለች ያልጋነሽ።

«እባብ!»

«ምን ዓይነት?»

«እባብ ነዋ! እባብ ደግሞ ምን ዓይነት አለው?»

«ሰውስ ዓይነት የለውም?»

ይሄኔ ጎንጤ ዘሎ ገባ። «ዝም በሉ! እኔ አዋቂ ነኝ። ይሄ ክፉ ዘር ነው። ካባረርኩላችሁ ላሚቱ የኔ ናት። ካላባረርኩት ቤቱ የሱ ነው። ጨፍኑ! ያየው ይታወራል!»

ገላዬ ሊጨፍን ነበር። ግን ጨነቀው።

«ያልጌ፣ ባየውና ብታወር ማን ይመራሻል?»

«ብትጨፍንስ ማን ይነግረኛል? ሻሾ ከሄደችስ ምን ልንጠጣ ነው?»

ገላዬ አሰበ። ብዙም አላሰበም።

«እንግዲያው አንዱን እጨፍናለሁ፣ አንዱን እከፍታለሁ። ያ ቢጠፋ በቀረው እመራሻለሁ።»

«የቱን ትከፍታለህ?»

«ግራውን። ድሮም ሰነፍ ነው።»

ጎንጤ፣ «ኧረ አባቴ፣ ተዉ! ኋላ ይቆጭዎታል!» አለ። ገላዬ ግን ቀኙን ጨፈነ፣ ግራውን ከፈተ።

የያልጋነሽ አባት ቆላ ወርዶ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነበር። በልጅነቷ እባብ አሳይቷታል። ያን ጊዜ ያየችው አልጠፋትም።

«ራሱ እንዴት ነው?» አለች።

«ትንሽ ናት። ከአንገቱ አትለይም።»

«አካሉስ?»

«ቀጭን ነው። እንደ ጅራፍ ረዘም ያለ።»

«እፉኝት አይደለም። እፉኝት አጭርና ወፍራም ነው፣ ራሱ ሰፊ። ሰው ሲመጣበት አይሸሽም፣ ተኝቶ ይነፋል። ቢሆንም ከቀጭንም ክፉ አለ፣ አትመን። እዚያው ቁም። አትምታው። ከበሩ ዞር በልለት። ወዴት እንደሚሄድ ብቻ እይ።»

«እያዛጋ ነው።»

«ጥርስ አለው?»

«የለውም። ካንቺም ይብሳል።»

ጎንጤ ላብ አጠመቀው። ቶሎ ይዤው ልውጣ ብሎ ቀስ ብሎ አፏጨ።

«አሁንስ?» አለች።

«ሄደ።»

«ወዴት?»

«ወደ አዋቂው። እግሩ ላይ ወጣ... ጉልበቱ ላይ... እጅጌው ውስጥ ገባ።»

«ማን አስገባው?»

«ራሱ። እንደ ቤቱ።»

ያልጋነሽ ሳቀች። ጎኗን ይዛ ሳቀች። «ገላዬ፣ ቤቱ ቢሆን ነዋ! እባብ የማያውቀው ሰው እጅጌ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?»

እባቡ ከእጅጌው ራሱን ብቅ አደረገ። «እማማ፣ እውነትዎን ነው። ይሄ ሰውዬ አድክሞኛል።»

«አንተ ከሃዲ!» አለ ጎንጤ።

«ጌታዬ፣ ደከመኝ ብዬህ ነበር እኮ።»

እባቡ መሬት ወረደ። ያልጋነሽ፣ «ቤት የሰው ነው፣ ጫካ የናንተ ነው። ገላዬ፣ መንገዱን ልቀቅለት» አለች። ገላዬ ፈቀቅ አለለት።

«ሄደ?»

«ሄደ። ጓሮ ሲደርስ ዞር ብሎ አየን።»

«ያንተስ ዓይን?»

«አለ። እንዲያውም ሳይሻለው አልቀረም።»

ጎንጤ ሳያመልጥ ወሬው መንደሩን ሞላ። ባለፍየሉ መጣ፣ ባለማሩ መጣ። የሙሽራዪቱ አባት ዱላውን ይዞ መጣ።

«እማማ ያልጋነሽ፣ ይልቀቁልኝ፣ ወገቡን ልበለው!»

«ተወው ልጄ። የቀረውን ይመልስ። የበላውን ደግሞ በጉልበቱ ይካስ። በየቤታችሁ ጓሮ ሣሩን ይጨድ፣ የእንጨቱን ክምር ከግድግዳ ያርቅ፣ የአይጡን ጉድጓድ ይድፈን። እባብ የሚጠራው ይሄ ሁሉ ነው። ሳይጠሩት የሚመጣ እባብ የለም።»

ማረስ የማይወደው ጎንጤ ማጭድ ያዘ። ገላዬ ከዘራውን ተደግፎ ሥራውን ያያል፤ ኋላ ለያልጋነሽ ይነግራታል።

ሦስተኛው ቤት ላይ ጎንጤ አንድ ግንድ በእግሩ ገፋ አደረገ። ከሥሩ አንድ ነገር ተኝቷል። አጭር ነው። ወፍራም ነው። ራሱ ሰፊ። አልሸሸም። ይነፋል።

ጎንጤ ክው አለ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለቱንም ዓይኑን ጨፈነ።

«ወይኔ እናቴ!»

«ጎንጤ!» አለ ገላዬ። «ምነው ጨፈንክ?»

«ፈራኋ!»

«የት እንዳለ ካላየህ እግርህን የት ልታሳርፍ ነው? ግለጥ!»

«አልችልም አባቴ!»

«ሁለቱን ካልቻልክ አንዱን።»

ጎንጤ አንዱን ገለጠ። እፉኝቱ ከእግሩ አንድ ክንድ ላይ ነው።

«አትሩጥ። አትምታው። ወደ ኋላ፣ ቀስ። ሌላም። ሌላም።»

ጎንጤ እያየ ወደ ኋላ ሄደ። ሲርቅለት እፉኝቱ ተጎትቶ ከጓሮው ማዶ ወዳለው ገደል ገባ። ጎንጤ መሬት ላይ ዘጭ አለ። እንባው መጣ።

«አባቴ፣ የቱን ነው የከፈትኩት?»

«ግራውን።»

«አልጠፋም።»

«የኔም አልጠፋም» አለ ገላዬ። እጁን ይዞ አስነሳው።

በማግስቱ ጠዋት ገላዬ በሩን ከፈተ።

«ዛሬ ምን አለ?» አለች ያልጋነሽ።

«ሻሾ አለች። ጎንጤ የኛን ሣር እያጨደ ነው።»

«እያየ?»

«በሁለቱም።»

ያልጋነሽ ዋንጫውን አነሳች። «ጥራው። ወተቱ ለሦስት ይበቃል።»

እኔ የሰማሁት ይሄን ነው። የዚያ አገር ሰዎች ግን እባብ ባዩ ቁጥር፣ እባብ የሚመስል ሰው ባዩ ቁጥርም፣ እንዲህ ይላሉ አሉ፦

ከተጨፈነ ሁለት ዓይን፣ የተከፈተ አንድ ዓይን።