ደረቁ ጥግ

አንድ ደራሲ ነበር። ደራሲ መሆኑን የሚያውቁት ግን እሱና ሚስቱ ትርንጎ ብቻ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ጽፎ ቢጨርስም ገና አላሳተመም። በሚኖርባት ከተማ አሳታሚዎች ከማያውቁት ሰው እጅ ድርሰት አይቀበሉም። መጀመሪያ አንድ ወኪል አንብቦ፣ ይህ ይታተም ብሎ አፉን ሞልቶ ሊናገርለት ይገባል። ከወኪሎቹ ሁሉ የሚከበሩት ደግሞ ወይዘሮ ምንታምር የሚባሉ ሴት ነበሩ። እሳቸው አንዴ አይሆንም ካሉ ተመልሶ በራቸውን የሚያንኳኳ የለም።

ሰውዬው እሳቸው ፊት ለመቅረብ መዘጋጀት ጀመረ፤ ዝግጅቱም ማለቂያ አጣ። የመጀመሪያዋን ገጽ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ መልሶ ይጽፋል። ታሪኩን ባጭሩ ንገረኝ ቢሉት የሚመልሰውን እየተንጎራደደ ያጠናል፤ ትርንጎም እንደ ወይዘሮ ምንታምር ሆና ፊቱ ትቀመጥለታለች። ልብ ወለዱ ርቆ የሄደ ባሏን ዓመታት ስለምትጠብቅ ሴት ነበር። መጨረሻ ላይ ባልየው ይመለሳል፤ እሷም በር ላይ ቆማ በፈገግታ ትቀበለዋለች።

አንድ ቀን ትርንጎ ሰምታ ስትጨርስ፣ "ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ አይከፋትም?" ብላ ጠየቀችው።

"ትወደዋለቻ" አላት። ከወረቀቱ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ክረምት ሲገባ ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። ደራሲው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ስለሚያድር አልጋው የትርንጎ ብቻ ከሆነ ቆይቷል፤ በቤቱ ውስጥ የማይፈስበትም አልጋው ያለበት ጥግ ብቻ ነበር። አልጋዋን ገፋ አደረገና የድርሰቱን ሳጥን እዚያ አስቀመጠ። እሷ ሳፋ ከራስጌዋ አኑራ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማች ትተኛ ጀመር። ጣራውን እናስጠግን ስትለው መልሱ አንድ ነበር። ወይዘሮ ምንታምር ጋ ልቅረብና ይላታል።

እናቷ የሞቱ ጊዜም ይህንኑ አላት። ለቅሶው ላይ አብረኸኝ ቁም ብላ ለመነችው፤ እሱ ለአርባው እደርሳለሁ አለ። ብቻዋን ሄደች። ዘመድ ሁሉ ባልሽስ ሲላት፣ አሞት ተኝቷል እያለች በእናቷ ለቅሶ ላይ ዋሸችለት። አርባው ሲደርስ ግን የመጀመሪያዋን ገጽ እንደገና ይዞ ነበርና ያን ጊዜም ቀረ። ይህን ስተርከው እኔን ራሴን ያመኛል።

በስተመጨረሻ የድርሰቱን ቅጂ ለወይዘሮ ምንታምር አደረሰ። አንብበው ሲያስጠሩት ትርንጎ ሸሚዙን ተኩሳ፣ ኮሌታውን አስተካክላ ከበር ሸኘችው።

"ቋንቋህ ያምራል" አሉት ወይዘሮዋ። "መጨረሻውን ግን አላመንኩትም። ሰው ይህን ያህል ተረስቶ ኖሮ በፈገግታ በር አይከፍትም።"

"ኧረ እንዲህ ያለች ሴት አለች። ቤቴ ናት።"

ወይዘሮ ምንታምር ቅጂውን መለሱለት። "እንግዲያው ሂድና እሷን ጠይቃት። እውነት ነው ካለች አፌን ሞልቼ እናገርልሃለሁ።"

እየተጣደፈ ወደ ቤቱ ሄደ። በትዳራቸው ዘመን እሷን አንድ ነገር ለመጠየቅ ሲቸኩል ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሩ ተቆልፎ አገኘው። ጎረቤታቸው እማማ ብርነሽ ቁልፉን ይዘው መጡ።

"ወደ ሟች እናቷ ቤት ሄዳለች፣ ልጄ። ወይዘሮዋ ጋ እስኪቀርብ ድረስ ጠብቄዋለሁ፣ ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም ይበሉልኝ ብላለች። ወረቀቶችህ እንዳይረጥቡ ብላም አንተ እንደ ወጣህ ጣራውን አስደፍናለች።"

ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ጠብታ አልወደቀም። ያኔ አለቀሰ።

መጨረሻውን ቀየረው። በአዲሱ ታሪክ ባልየው ሲመለስ በሩ ተቆልፏል። ወይዘሮ ምንታምር ይህን አመኑት፣ መጽሐፉ ታተመ፣ ያነበበውም ሁሉ አዘነ። ደራሲው የመጀመሪያዋን ቅጂ ይዞ ትርንጎ ወዳለችበት ሄደ። እሷም መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ደጃፉ ላይ እንደ ቆመች የመጨረሻዋን ገጽ አነበበች።

"አሁን እውነት ሆኗል" አለችው በቀስታ። ግባ ግን አላለችውም።

መልካም ሥራ ጊዜና ልፋት ይጠይቃል፤ በዚህ የሚወቀስ የለም። የደራሲው ጥፋት፣ አንድ ቀን ብቻ ለምታየው ሴት ሲዘጋጅ ዕድሜውን በየቀኑ ፊቱ ከምትቀመጠው ላይ መውሰዱ ነው። የሚወደን ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቀን አልከፋውም ማለት አይደለም።

እርስዎስ፣ የቤትዎን ደረቅ ጥግ ለምን ነገር ሰጥተውታል? ከራስጌው ጠብታ እየሰማ የሚተኛውስ ማን ነው?