ዳንቴል የለበሰው ፕሪንተር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። ላሟ ዛሬ የለችበትም። «የመሥሪያ ቤት» በሉኝ። እሺ፣ ተረት ተረት።

የመሥሪያ ቤት። እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ጊዜ፣ አራዊት እንደ ሰው ሲያወሩ፣ ዕቃም እንደ አራዊት ሲያወራ፣ አንድ ክፉ ድርቅ ገባ። ከተራራው በታች ምንጩ ደረቀ፣ ኩሬው ደረቀ፣ አንድ ወንዝ ብቻ ቀረ። አራዊቱ ወንዙ ዳር ተጋፉ፣ ተራገጡ፣ ተናከሱ። ይሄኔ ንጉሡ አያ አንበሳ ከተራራው ወርዶ ሕግ አወጣ።

«ከእንግዲህ ወረቀት የሌለው ከወንዙ አይጠጣም» አለ። «ስሙ የሰፈረለት ብቻ መጥቶ በገዛ አፉ ይጠጣል። ቀድቶ መሄድ ክልክል ነው። ወረቀቱም የታተመ ይሁን። የእጅ ጽሑፍ አይሠራም፤ ጦጣ ታስመስለዋለች።»

ጦጢት አንገቷን ደፋች።

አንበሳው ወደ ወንዙ ዘበኛ፣ ወደ አያ አዞ ዞረና «ወረቀት ከሌለኝ እኔንም ቢሆን እንዳታሳልፈኝ» አለው። ይህን ያለው ለንግግር ማሳመሪያ ነው። የራሱ ምንጭ ተራራው ላይ አለለት፤ ወንዙን ምን ሊያደርገው። አራዊቱ አጨበጨቡ። አያ አዞ ግን አላጨበጨበም። ቃሉን ይዞ ወደ ውሃው ገባ።

ወረቀቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከዋርካው ሥር ነበር። ኃላፊው አያ ጅቦ፣ ጸሐፊዋ ጦጢት፣ ንብረት ክፍሏ ደግሞ እመት ጃርት ናቸው። አንድ ሽማግሌ ፕሪንተር ነበራቸው። እያሳለ፣ እያቃሰተ፣ የአራዊቱን ሁሉ ወረቀት ሲያትም ከርሞ አንድ ቀን ጸጥ አለ። ዕድሜውን ጨርሶ ነው የሞተው፤ ማንም አልበደለውም። እመት ጃርት ግን «ሥራ ገደለብኝ» ብላ አለቀሰች። ይህን ነገር በልቧ ያዘችው።

ወረቀት ሳታገኝ የቀረች አንዲት ምስኪን ነበረች። እሷም እመት ሚዳቋ ናት። ወረቀት ሲታደል ምጥ ይዟት ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝታ ነበር። ግልገሏን ይዛ ብቅ ስትል ፕሪንተሩ የለም። ጤዛ እየላሰች፣ እርጥብ ቅጠል እየፈለገች ትንሽ ቆየች። ጤዛው እየሳሳ ሲሄድ ጡቷም እየደረቀ ሄደ። ውሃ ካላገኘች ግልገሏ መሞቱ ነው።

አያ ጅቦ አዲስ ፕሪንተር ሊገዛ ገበያ ወጣ። ጦጢት «አያ ጅቦ፣ ቀለሙ በቀላሉ የሚገኘውን ይምረጡ» ብላዋለች። አያ ጅቦ ግን የራሱ አመራረጥ አለው። ነጋዴው ሦስት ፕሪንተር አቀረበለት። አንደኛውን አነሳው። «ይሄ ሥጋ የለውም» አለ። ሁለተኛውን አነሳው። «ይሄም ከሲታ ነው» አለ። ሦስተኛውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወገቡ ቀጭ አለ። «ይሄ ነው ዕቃ» አለና ገዛው። ቀለሙ ከየት ይመጣል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ አልጠየቀም። አትሳቁበት። ዕቃ በእጃችሁ መዝናችሁ «ከበድ ይላል፣ ኦሪጅናል ነው» ያላችሁ እዚህም መሀላችሁ አላችሁ።

ፕሪንተሩ መጣ። እመት ጃርት ፈርማ ተረከበችው። ገና ስታየው ወደደችው። ነጭ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ እንደ ጥጃም ያምራል። በማግስቱ ሚዳቋ መጣች።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ጃርት። ለኔና ለግልገሌ ወረቀት ፈልጌ ነበር።»

ጦጢት ኮምፒዩተሯ ላይ «ሚዳቋ ከነልጇ» ብላ ጻፈችና ወደ ፕሪንተሩ ላከችው። ፕሪንተሩ ግን ገና አልተሰካም። ከነላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ ጃርት፣ ልሥራ?» አለ ከላስቲኩ ውስጥ። ወጣት ነው፤ ጉልበቱ ያቁነጠንጠዋል።

«ይደክምሃል ልጄ፤ ተቀመጥ» አለችው። ወደ ሚዳቋ ዞራም «ላስቲኩ ገና አልተነሳለትም። ትንሽ ይልመድ» አለቻት።

«ምኑን ነው የሚለምደው?»

«ቤቱን ነዋ።»

ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ ተመለሰች። እናንተ ደግሞ በጃርት ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት እቤታችሁ ያለውን ሪሞት አስቡት። ላስቲኩ ተነስቶለታል?

ሰነባብቶ ላስቲኩ ተነሳ። ሲነሳ ግን እመት ጃርት ብርድ ብርድ አላት። «ልጄን እርቃኑን አላስቀምጠውም» አለች። ሌላው ሰው ዳንቴል በኪሮሽ ይሠራል፤ እሷ ከጀርባዋ አንድ እሾህ መዘዘችና ጀመረች። መሀሉ ላይ ቀይ አበባ ጣለችበት። እጇ ከገባ ወዲያ መቆም አቃታት። ለስልኩም ሠራች፣ ለወንበሩም ሠራች፤ አያ ጅቦ ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፋ የሱንም ራስ ለካች። ሚዳቋ ዳግመኛ መጣች።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ጃርት። ያ ወረቀት ደረሰልኝ?»

ጦጢት ኮምፒዩተሯ ላይ ያንኑ እንደገና ላከችው። የመጀመሪያው ከምን ደረሰ ብላ አልጠየቀችም። ዕቃ ዝም ሲል ደጋግሞ መጫን የማንም ልማድ ነው።

«እትዬ ጃርት፣ ልሥራ?» አለ ፕሪንተሩ ከዳንቴሉ ሥር። ድምፁ ትንሽ ሻክሯል።

«ይደክምሃል ልጄ፤ ተቀመጥ» አለችው። ለሚዳቋም «አሁን ብከፍተው ዳንቴሉ ይተረተራል። ጫፉ አላለቀም» አለቻት።

«ግልገሌ ሊያልቅብኝ ነው እኮ፣ እትዬ።»

እመት ጃርት ደንገጥ አለች። ክፉ አይደለችም። ዳንቴሉን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገችው፣ ያብለጨልጫል፣ መልሳ ሸፈነችው። «ቢበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለች።

እንዲህ ሲሆን ንጉሡ ለጉብኝት እንደሚመጣ ተነገረ። እመት ጃርት ፕሪንተሩን ከነዳንቴሉ ተሸክማ ዕቃ ቤት አስገባችውና ቆለፈችበት። ሚዳቋ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ግልገሏ መቆም ስላቃተው ደጃፉ ላይ አስተኝታው ነው የገባችው። ጦጢት ላከች። ከዕቃ ቤቱ ውስጥ እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ ጃርት፣ ልሥራ?»

«ይደክምሃል ልጄ፤ ተቀመጥ። አንቺም እህቴ ትንሽ ታገሺ። እሱ አሁን ለእንግዳ ነው።»

ሚዳቋ ከዚያ ወዲያ መሄጃ አልነበራትም። ከግልገሏ ጎን ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

እንግዳው መጣ። አቧራ ለብሶ፣ ምላሱን አውጥቶ መጣ። ለካ የተራራው ምንጭም ደርቋል። አያ አንበሳ መሥሪያ ቤቱን ቀና ብሎም ሳያይ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ።

«ወረቀት» አለው አያ አዞ።

«እኔ ነኝ» አለ አንበሳ።

«አይቻለሁ። ወረቀት።»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለዚህ ነው የማከብረው፣ ጃንሆይ» አለ አያ አዞ። ጅራቱንም ትንሽ ወዘወዘ። በየብስ ላይ አንበሳ ጌታ የለውም፤ ውሃ ውስጥ ግን አዞን የሚዳፈር የለም። አንበሳው ወደ ዋርካው ተመለሰ።

«ወረቀት አትሙልኝ» አለ።

አያ ጅቦ ተርበተበተ። ቁልፉ ተከፈተ፣ ዳንቴሉ ተነሳ፣ ገመዱ ተሰካ፣ ጦጢትም የንጉሡን ስም ጽፋ ላከች። እመት ጃርት በኩራት ቆማ «ጃንሆይ፣ እንዳዲስ ነው። አንድ ቀን አልሠራንበትም» አለች።

ፕሪንተሩ ተንጠራራ፣ ጓ ጓ አለ፣ ዝም አለ።

«ምን ሆንክ?» አለው አንበሳው።

«ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ጃንሆይ» አለ ፕሪንተሩ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ቀለም ካልፈሰሰ ይደርቃል። ልሥራ አልኩ፣ ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ። አሁን በጥቂት ውሃ ካልታጠብኩ አበቃልኝ።»

እንግዲህ አስቡት። ውሃ እንዲገኝ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀት እንዲገኝ ፕሪንተሩ መሥራት አለበት። ፕሪንተሩ እንዲሠራ ውሃ ያስፈልጋል። ንጉሡ ይህንን ሦስት ጊዜ በአእምሮው ዞረና መልሶ እዚያው ደረሰ።

«እኔ ወረቀት አለኝ» አለ አያ ጅቦ። «ጠጥቼ መጥቼ ልትፋበት።»

«መሞት ይሻለኛል» አለ ፕሪንተሩ።

ይህን ስትሰማ እመት ጃርት ወደ ፕሪንተሩ ሮጠች። «እንዳይደክምህ ብዬ፣ እንዳይደክምህ ብዬ እኮ ነው ልጄ» እያለች በላዩ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሊያጽናናት የቀረበ ሁሉ ተወግቶ ተመለሰ። ከልቧ ነበር የምታለቅሰው። የምንወደውን ነገር በገዛ እጃችን እንደማበላሸት ያለ ሐዘን የለም።

«እትዬ ጃርት» አለ ፕሪንተሩ።

«ወይ ልጄ።»

«አንድ ጠብታ ገባልኝ። ትንሽ ይቀጥሉ።»

ሁሉም ተያዩ። እመት ጃርት ግን በዚህ ተደስታ እንባዋ ቆመ። አንበሳው «አልቅሺ» ብሎ አዘዛት፤ በትእዛዝ እንባ አይመጣም። አያ ጅቦ ሊያስለቅሳት ዘፈነ፤ ሳቀች። ያኔ ጦጢት ጠጋ አለችና በጆሮዋ «እትዬ፣ ያ ዳንቴል ከእንግዲህ መተርተሩ አይቀርም» አለቻት። እመት ጃርት እንባዋን እንደ ክረምት አወረደችው።

ፕሪንተሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጓ ጓ አለ፣ ጂው አለ፣ አንድ ወረቀት ወጣ። አንበሳው እጁን ዘረጋ፤ አነበበ። «ሚዳቋ ከነልጇ» ይላል።

«የኔስ?»

«የቆየ ትእዛዝ ይቀድማል፣ ጃንሆይ» አለ ፕሪንተሩ።

ሁለተኛው ወጣ። «ሚዳቋ ከነልጇ።» ሦስተኛው ወጣ። «ሚዳቋ ከነልጇ።» ጦጢት ሦስት ጊዜ ልካው የለም? አራተኛው የንጉሡ ነበር። አራተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ። ቀለሙ አለቀ። አያ ጅቦ በክብደቱ የመረጠው ፕሪንተር ቀለሙ ከሰባት ተራራ ወዲያ ካልሆነ አይገኝም።

ሚዳቋ ወረቀቶቹን ይዛ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ወንዙ ወረደች። አያ አዞ በአንደኛው አሳለፋት። ግልገሉ ጠጣ፣ ጠጣ፣ በእግሩ ቆመ። እሷም ጠጣች። ከዚያ ቀና ስትል ንጉሡ ከኋላዋ ቆሟል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

ሚዳቋ አልሸሸችም። «ጃንሆይ፣ እኔ ትርፍ ወረቀት አለኝ» አለች። «የሚሠራው ግን ለልጄ ብቻ ነው።»

«እና?»

«እና ልጄ ይሁኑ።»

አያ ጅቦ ሊስቅ ጀምሮ አሳለው።

«ልጅ እናቱን ይበላል?» ብላ ጠየቀች ሚዳቋ።

«አይበላም» አለ አንበሳው።

«እስክንጠጣ ድረስ ነው፣ ወይስ ከጠጣንም በኋላ?»

አንበሳው ውሃውን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ውሃውን አየ። «ከጠጣንም በኋላ» አለ።

አብረው ወደ አዞ ቀረቡ። አዞ ሁለተኛውን ወረቀት ተቀበለ። «ሚዳቋ ከነልጇ» ብሎ አነበበ። «ልጅሽ የታለ?»

«ይኸውልህ።»

«ቅድም የጠጣውስ?»

«እሱ ታናሹ ነው።»

አያ አዞ ጎፈሩን ትክ ብሎ አየው። «ጠጉሩ በዛ» አለ።

«አባቱን መስሎ ነው።»

«እስቲ እሱ ይናገር። ይቺ ማንህ ናት?»

አንበሳው ዙሪያውን ቃኘ። አራዊቱ ሁሉ ዳር ዳሩን ቆመው ያያሉ። ውሃው ከፊቱ ይንቦጫረቃል። በጎፈሩ ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«አልሰማሁም» አለ አዞ።

«እማዬ» አለ ንጉሡ።

«ግባ» አለው አያ አዞ። «ወረቀት ወረቀት ነው።»

አንበሳው እስኪጠግብ ጠጣ። ጠግቦ ሲነሳ በልማዱ ሚዳቋን አይቶ ምላሱን አዞረ። ከዚያ ፊቱን መለሰና «ደህና ዋይ፣ እማዬ» ብሎ ሄደ። ሌላው አንበሳ ሚዳቋ ሲበላ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ያ አንበሳ ግን እስኪሞት ድረስ አልበላም። ለፕሪንተሩም ቀለም ከሩቅ መጣለት። እመት ጃርት በየማለዳው አንድ ወረቀት ታሳትመዋለች፤ ሥራ ከሌለ አበባም ቢሆን። ሲደክመው ታሳርፈዋለች፣ አቧራውን ትጠርግለታለች፣ ደግሞ ታሠራዋለች። ፕሪንተሩ አርጅቶ፣ እያሳለ፣ እያቃሰተ ሞተ። ስታለቅስለት ግን ልቧ ንጹሕ ነበር።

ዕቃ ቢሠሩበት ያረጃል፤ ቢሸፍኑት ይሞታል።

እኔ ተረቴን መለስኩ። እናንተ ደግሞ አፌን በዳቦ ታብሱልኝ እንደሆነ አምጡት፤ ለእንግዳ ብላችሁ የደበቃችሁትን ግን አደራ ሳይሻግት።