የበግ መሸለቻና ቀዩ ወረቀት

አንድ የእህል ነጋዴ ልጁን ሊድር ከሚስቱ ጋር ፖላንድ ሄደ። ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን ሙሽሪት፣ «አባዬ፣ ውድ ስጦታ አልፈልግም። በእጅህ የሠራኸውን አንድ ነገር ስጠኝ፤ ነገ ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ» አለችው። እሱም በሙሽራው ቤተሰብ ፊት ደረቱን ነፍቶ እሺ አለ።

ሠርጉ በሚደረግበት መንደር መንገደኞችን የወረቀት ቆረጣ የምታስተምር አንዲት አሮጊት ነበረች። ሙሽሪት እያስተረጎመች ባልና ሚስቱ ወደ እሷ ሄዱ። አሮጊቷ ቀይ ወረቀት ለሁለት አጥፋ ሰጠችውና ትልቅ የበግ መሸለቻ አስጨበጠችው። «አውራ ዶሮ ቁረጥ» አለችው።

«እማማ፣ በዚህ እኮ በግ ነው የሚሸለተው።»

«የእኔ እናት ሌላ መቀስ አልነበራትም።»

ነጋዴው መሸለቻውን ወረቀቱ ላይ ነዳው። የመጀመሪያው ዶሮ አንገቱ ተቀነጠሰ። ሁለተኛው ግመል መሰለ። ሦስተኛውን በእጥፋቱ በኩል ስለቆረጠው ሲዘረጋ ሁለት ቦታ ወደቀ።

«አርደህ ጨረስካቸው እኮ» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ዝም በይ። የቀረው አንድ ወረቀት ነው። ነገ በሰው አገር ልዋረድ ነው።»

አሮጊቷ የመጨረሻውን ወረቀት አጥፋ ለሚስትየዋ ሰጠቻት። ወደ ነጋዴውም ዞራ፣ «አንተ መሸለቻውን አንድ ቦታ ያዝና ክፈት፣ ዝጋ። ወረቀቱን እሷ ታዙረው» አለችው።

«ታዲያ የእኔ ሥራ ምንድን ነው?»

«አለመንቀሳቀስ።»

«ይህንንማ ቤት ውስጥ ሲለማመደው ሠላሳ ዓመቱ» አለች ሚስቱ። አሮጊቷ ሳይተረጎምላት ሳቀች።

እሱ ከፈተ፣ ዘጋ። ሚስቱ ወረቀቱን ቀስ እያለች አዞረች። አናቱ ላይ ያለው ኩክኔ ወጣ፣ ጅራቱ ወጣ። ወረቀቱ ሲዘረጋ ሁለት አውራ ዶሮዎች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል።

በሠርጉ ቀን የሙሽራው አባት ግድግዳውን አይቶ፣ «እጅህ የተባረከ ነው» አለው። ነጋዴው ሊያመሰግን አፉን ከፈተ። ከዚያ ሚስቱን አየ።

«እኔ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው የሠራሁት» አለ። «ዶሮዎቹ የእሷ ናቸው።»

ለሁሉ መልስ የማታጣው ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

በየቤቱ መቀስ የያዘው እጅ ይታያል፤ ወረቀቱን የሚያዞረውን የሚያይ የለም። የሚያዞረው ሲሄድ ግን መቀሱ አየር ሲቆርጥ ይውላል፤ ብዙዎቻችንም ነገሩ የሚገባን ያኔ ነው። ለእናንተስ የሚያዞርላችሁ ማን ነው? ጆሮው እየሰማ ነግራችሁታል?